ከእኔ የተደበቀው የሕመሜ ስም

ዓይኔ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው አንዲት ሙሽራ ናት። ቦንጋ ገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። የሰርግ ቀሚሷን ልለካላት ነጩን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግ ትኩር ብላ አየችኝና «ጋሽ አስራት፣ ዓይንዎ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። የአምፖሉ ብርሃን ነው ብዬ አለፍኩት። ወደ ቤት ስገባ ግን ገና አልመሸም ነበርና ባለቤቴን አልማዝን በረንዳው ላይ አቁሜ እስቲ ዓይኔን እይልኝ አልኳት። አየችኝ። ወደ ውስጥ ገብታ መስታወት ይዛልኝ መጣች።

እውነቱን ለመናገር ሰውነቴ ከዚያ በፊትም ሲነግረኝ ነበር፤ የማልሰማው እኔ ነኝ። ከወር በላይ ምግብ አስጠልቶኛል። ቅቤ የነካው ነገር ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። የራሴን ሱሪ ሁለት ጊዜ አጥብቤ ሰፍቻለሁ፤ የሰው ልብስ ሳጠብ ሰውየው ከስቷል የምል ሰው የራሴን ሳጠብ ምንም አላልኩም። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሯል፤ ሰገራዬ ደግሞ እንደ ቆጮ ሊጥ ነጥቷል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ስለ ሰገራው ለማን ያወራል? ይህን የምታነቡ ሰዎች ግን እባካችሁ አውሩ። ለሐኪም ከምንም በላይ የሚጠቅመው እሱ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከሁሉም የከፋው ማሳከኩ ነበር። ሽፍታ የለው፣ እብጠት የለው፣ ዝም ብሎ ከቆዳ ሥር የሚበላ ነገር ነው። የእጄ መዳፍ፣ የእግሬ መርገጫ፣ ጀርባዬ። ሌሊት አልማዝን እንዳልቀሰቅሳት ወጥቼ የሱቁን የልብስ ብሩሽ ይዤ እግሬን እስኪደማ እፈገፍግ ነበር። በእንደዚያ ያለ ሌሊት የሚመጣ ሐሳብ መልካም አይደለም።

የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠኝ። ሁለተኛው ደም መርምሮ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ ኪኒኑን ሳላጓድል ጨረስኩት። ቢጫው ግን ባሰበት። በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሜ ገብሬ ከማንኪራ መጣ። ገብሬ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅም፣ ንብ የሚያረባ፣ አባታችን ካረፈ ጀምሮ በቤተሰቡ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው ነው። ገና እንዳየኝ የወፍ በሽታ ነው አለ። የሚያውቀው መድኃኒተኛ ዘንድ ወሰደኝና አምስት ቀን መራራ ሥር ተቀጥቅጦ ጠጣሁ። በአምስተኛው ቀን ከትውከት ብዛት መቆም አቃተኝ። ገብሬን አልወቅሰውም። በሚያውቀው መንገድ ሊያድነኝ ነው የሞከረው። የጠፋው ግን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ አልማዝ ማንንም አላማከረችም። ዋጫ ከተማ የምታስተምረው ልጃችን ማርታ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ ሁለቱ ደግፈው ቦንጋ ሆስፒታል አስገቡኝ። እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ሆዴን ጄል ቀብቶ በአልትራሳውንድ ሲያየኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ሐሞት የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ወርዶ አንጀት ይገባል፤ የእኔ ቱቦ የሆነ ቦታ ላይ ስለተዘጋ ሐሞቱ ወደ ደሜ እየተመለሰ ነው። ቢጫነቱም፣ ማሳከኩም፣ የሰገራው መንጣትም ከዚሁ የመጣ ነው። ምን እንደዘጋው ግን እዚህ ማወቅ አይቻልም ብሎ ወደ ጅማ ሪፈር ጻፈልኝ። ጅማ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩኝ።

አዲስ አበባ የአልማዝ የአክስት ልጅ ቤት አረፍን። የምንመላለስበት ሆስፒታል ኮሪደር ረጅም ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይሞላሉ። መጀመሪያ በአፌ በኩል መሣሪያ አስገብተው ቱቦውን ከታች ሊከፍቱት ሞከሩ፤ የተዘጋው ከላይ፣ ጉበቱ ሥር በመሆኑ አልደረሱበትም። በሁለተኛው ቀን ከቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ በታች አደንዝዘው በመርፌ ገቡ። በመርፌው ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ አሳለፉ። ቱቦው በጎኔ ወጥቶ ከረጢት ላይ ተገጠመ። መጀመሪያ የወረደው ፈሳሽ ጥቁር አረንጓዴ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፤ እኔም ስንት ሳምንት ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። አልማዝ አጠገቤ ተቀምጣ እጄ አለመንቀሳቀሱን እያየች አለቀሰች አሉኝ።

ቱቦውን በጎኔ ሲያስገቡ ናሙና ወስደው ነበር። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሊጠይቁኝ የመጡት ገብሬና ማርታ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል ተጠሩ፤ እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ሲመለሱ ገብሬ እየሳቀ ነበር። ጠጠር ነው አለኝ፤ የሐሞት ጠጠር፤ ይኸው በቱቦው እየወረደ ነው። ማርታ መስኮቱን ታይ ነበር። ለሦስት ሳምንት ቦንጋ ሄጄ እንዳገግምና ለሌላ ምርመራ እንድመለስ ተነገረኝ።

እኔ ደግሞ የተባልኩትን አመንኩ። ለከረጢቱ ከኮቴ ውስጥ ኪስ ሰፋሁለት፤ ከውጭ ሲያዩኝ ምንም የለብኝም። ቢጫው እየለቀቀኝ ሄደ። ቆጮ በጎመን መብላት ጀመርኩ። ሱቄን ከፈትኩ። ወቅቱ የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋበት ነበርና የቀጠሮዬ ቀን ሲደርስ አልሄድም አልኩ። ጠጠሩ ከወረደ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ሥራው ያልቅና እሄዳለሁ። አልማዝ ለመነችኝ። ማርታ ከዋጫ በስልክ አለቀሰች። ልቅሶዋ ስላልገባኝ ተቆጣኋት። በአንድ ቤት ውስጥ እነሱ የሚያውቁትን እኔ ሳላውቅ ተቀምጠን፣ እኔ እነሱ ላይ እነሱ እኔ ላይ እየተናደድን ከረምን።

አንድ ጠዋት ከረጢቱ ውስጥ ምንም አልወረደም። ደስ አለኝ። አለቀ ማለት ነው፣ ዳንኩ አልኩ። ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ሸሚዝ ስሰፋ ብርድ ያዘኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ እግሬ ፔዳሉን መርገጥ አቃተው። ሆስፒታል ሲያደርሱኝ ትኩሳቱ የሰውን ፊት አስጠፍቶኝ ነበር።

ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ወይንሸት ናት። በክንዴ መድኃኒት ከሰቀሉልኝ በኋላ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት በመርፌ ጨውማ ውኃ ስባ በቱቦው ቀስ አድርጋ ታስገባ ጀመር። ትንሽ ትገፋለች፣ ትጠብቃለች፣ ትመልሳለች። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስታደርግ ከቆየች በኋላ ወፍራም ነገር ወጣ፤ ከኋላው ሐሞቱ ተከተለ። እፎይ አለችና ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ጋሽ አስራት፣ መድረቁን መቼ ነው ያዩት?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ታዲያ ያኔውኑ አይመጡም? እንደርስዎ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ያለበት ሰው እኮ ቱቦው ከተዘጋ…»

አልጨረሰችውም። እኔን አልፋ ወደ ኋላዬ አየች። ዞር ስል አልማዝ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

እንዲህ ነው ያወቅኩት። ሲስተር ወይንሸት ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደጠየቀችኝ። እኔ ግን ሁለት ጊዜ እንዳዳነችኝ ነው የምቆጥረው፤ አንዴ በውኃው፣ አንዴ በቃሉ። አልጋው ላይ ሆኜ መጀመሪያ የተሰማኝ ሞት መፍራት አልነበረም። የራሴ ነገር ለሁሉም ተነግሮ ለእኔ ሳይነገር መቅረቱ ነው የቆጠቆጠኝ። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ የክፍሉ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው፤ ካንሰር የሚለውን ቃል ለብቻዬ በሹክሹክታ ደጋግሜ አልኩት። ሲነጋ ፍርሃቱ ባይለቀኝም ከእሱ ጋር መነሣት እንደምችል ገባኝ።

ገብሬ በማግስቱ ማር ይዞ መጣ። ሁላችሁም ውጡልን አልኩና ሁለታችን ቀረን። በአማርኛ ጀምረን በካፊኖኖ ነው የጨረስነው፤ ንዴት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይቀላል።

«ጋሼ፣ ለምን?» አልኩት።

ማሩን አልጋው ሥር አስቀመጠ። ከዚያ የእናታችንን ነገር አነሣ። የእሷን በሽታ በፊቷ ተናግረው ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላ እንደሞተች ሁለታችንም እናስታውሳለን። «እሷ ሰምታ ሞተች» አለኝ። «አንተም ሰምተህ እንዳትሞትብኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሳልሰማ ልሞትብህ ነበር።»

አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ትልቁ ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ከዛሬ ጀምሮ ሐኪም የሚለውን እኔ ፊት ይላል፤ እኔ ከሌለሁበት አትግቡ አልኩት። እሺ አለ።

ኢንፌክሽኑ ሲለቀኝ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። የምታክመኝ ዶክተር ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ተቀምጬ ሁሉን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ገብሬ አጠገቤ ነበር። ዕጢው የሐሞት ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ የጉበቱን የደም ሥሮች ስለከበበ ቀዶ ማውጣት አይቻልም አለችኝ። ቱቦው ብቻውን ሐሞቱን ያስወርዳል፤ ዕጢው ግን ማደጉን አይተውም። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀረበች። በጎኔ በኩል መንገድ አስቀድሞ ተከፍቷል። በዚያው በቱቦው ውስጥ ጫፉ ላይ ጨረር የሚያመነጭ ነገር ያለበት ቀጭን ሽቦ አሳልፎ ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይቻላል። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ሌላውንም አካል ያገኛል፤ ይህ ግን ከውስጥ ስለሆነ ብዙ ርቀት ሳይሄድ ዕጢውን ያቃጥላል። መሣሪያው አለ፤ በብዛት የሚሠራው ግን የማኅፀን በር ካንሰር ላለባቸው ሴቶች ነው። ለሐሞት ቱቦ የተሠራላቸው ሰዎች እዚህ ጥቂት ናቸው።

«አድንዎታለሁ አልልም» አለችኝ። «መንገዱ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት እንዲሆን፣ ይህንንም ከረጢት እንድንነቅልልዎት ነው የምንሞክረው። ኢንፌክሽን ሊመለስ ይችላል፤ ሊደማም ይችላል። አስበው ይንገሩኝ።»

ገብሬን አየሁት። ልማዱ ቢሆን መልሱን የሚሰጠው እሱ ነበር። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «አንተ ተናገር» አለኝ። የስምምነት ወረቀቱን ጠየቅኩ። በራሴ እጅ ፈረምኩ።

በመጀመሪያው ቀን የጨረር ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ጥበቃው መለሰኝ፤ ይህ የሴቶች ነው፣ ወንዶች በዚያኛው በኩል አለኝ። ወረቀቴን ሳሳየው ግራ ገባው። አግዳሚው ላይ ስምንት ያህል ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አዩኝ። ከቦንጋ ተነሥቼ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን እግሬ ተያዘ። ከመካከላቸው አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ ከደብረ ብርሃን በኩል የመጡ ናቸው።

«ይቀመጡ» አሉኝ። «በሽታው ወንድ ሴት ብሎ አልመረጠ፣ እኛ ምን አገባን።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ እንደ አንድ ቤተሰብ ነበርን። ማን ትቅደም፣ ማን ደክሟታል፣ ማን ከሩቅ ስለመጣች ዛሬ መመለስ አለባት፤ ወረፋውን የሚያስተካክሉት እነሱ ራሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ መሣሪያው እስከ ከሰዓት ሲቆም አንዷ ያመጣችውን ዳቦ ለሁላችን ቆረሰች። እትዬ ብርቄ ውስጥ ያለውን ነገር አስቀድመው ነገሩኝ። በሩ ወፍራም ነው፣ ሲዘጋ አይደንግጡ፤ ሁሉም ወጥተው ብቻዎን ይቀራሉ፤ ግን በካሜራ ያዩዎታል፣ ቢናገሩ ይሰማሉ አሉኝ።

እንዳሉትም ሆነ። በኤክስሬይ እያዩ ቦታውን አስተካከሉ፤ ከመሣሪያው የሚመጣውን ቀጭን ገመድ ጎኔ ላይ ካለው ቱቦ ጋር ገጠሙ፤ ወጡ። በሩ ተዘጋ። መሣሪያው ቀጭን ድምፅ አሰማ። ሽቦው ሲገባ ምንም አይሰማም፤ አያምም፣ አይሞቅም። የሚከብደው አለመንቀሳቀሱና ብቻ መሆኑ ነው። እኔ በሐሳቤ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፋሁ፤ ቆረጥኩ፣ ገለበጥኩ፣ ማዕዘኑን አወጣሁ፣ ዳሩን ሰፋሁ። ሁለተኛውን ሸሚዝ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ገባሁ። ድካሙ ከባድ ነበር፤ ማቅለሽለሹም ነበር፤ ከሁለተኛው በኋላ አንድ ሌሊት አተኮሰኝ። አልማዝ አጠገቤ መተኛት ትችል እንደሆነ ለመጠየቅ አፍራ ስትቸገር አይቼ እኔው ጠየቅኩላት። ዶክተሯ ጨረሩ ያለው ሽቦው ጫፍ ላይ ስለሆነ ሽቦው ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ከሰውነት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር የለም አለች። በዚያ ቀን አልማዝ እጄን ይዛ ነው ከሆስፒታሉ የወጣችው።

ለአራተኛ ጊዜ በገባሁበት ቀን የእትዬ ብርቄ ቦታ ባዶ ነበር። ለመጠየቅ ፈራሁ። በኋላ ሕክምናቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው መሄዳቸውን ነርሷ ነገረችኝ። ስልክ አልተለዋወጥንም፤ እንዴት እንደሆኑ አላውቅም። በጸሎቴ ግን ስማቸውን እጠራለሁ።

ከጨረሩ በኋላ ቱቦው በነበረበት መንገድ ከብረት የተሠራ፣ እንደ መረብ የሚከፈት መተላለፊያ ውስጥ አስቀመጡልኝ። ሐሞቱ በውስጥ መውረዱን ካረጋገጡ በኋላ የጎኔን ቱቦ ነቀሉት። የቀረው ትንሽ ጠባሳ ነው። ቀጥሎ በኪኒን መልክ የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት ለወራት ወሰድኩ። ወጪውን እዚህ አልዘረዝርም፤ የወንድሜ ማርና የብዙ ሰው እጅ አለበት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል። ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። በየሦስት ወሩ ለምርመራ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ አንድ ጊዜ ኢንፌክሽን ተመልሶብኝ ስድስት ቀን ተኝቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ብርድ ብርድ እንዳለኝ ያኔውኑ ሆስፒታል ገባሁ፤ ምን እንደያዘኝ አውቅ ነበርና። ዛሬ ዓይኔ ነጭ ነው፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ገብሬ ደግሞ ባለፈው በማንኪራ ዘመድ በተሰበሰበበት ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው ዝም ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ካንሰር ነው፣ እየታገለው ነው ብሎ በራሱ አፍ ተናገረ። አንድም ሰው ከዚያ ቀን በኋላ በፊቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያወራም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከሺሺንዳ ሱቄ ድረስ መጡ። ልጃቸው ነው ያመጣቸው። ቢጫነታቸው ከሩቅ ይታያል። ቦንጋ አልትራሳውንድ ታይተው ወደ ጅማ ተጽፎላቸዋል። ልጁ ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ምልክት ይሰጠኛል፤ እንዳትናገር ነው። ልጁ ገብቶኛል፤ እኔም ቤት እንደዚያ ተቆሞ ነበር። ና ግባ ብዬ ወንበር ሰጠሁት፣ ከአባቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ሰውየውን የያዛቸው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጠጠርም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ጅማ ውጤቱ ሲወጣ ግን እርስዎ ክፍሉ ውስጥ ይሁኑ፣ ውጭ ሆነው አይጠብቁ አልኳቸው። ልጁ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ወደ አባቱ አየ።

አባትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ብቻዬን ብሰማው የምችለው አይመስለኝም» አሉ።

የእኔ የአዲስ አበባ ምርመራ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ በጅማ አብሬያቸው እንዳልፍ ደውዬ አስቀደምኩት። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ጅማ አብረን እንሄዳለን፤ እሳቸው፣ ልጃቸውና እኔ።